ከአለም ገና ጉድጓድ የወጡት ክብ ድንጋዮች የዳይኖሰር እንቁላል ናቸው?

ጥያቄ፦ «አለም ገና አካባቢ ቤት እየሠራሁ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ስናስቆፍር ሁለት ሜትር ገደማ ላይ 11 ክብ ድንጋዮች ተጠጋግተው ወጡ። ትንሹ ብርቱካን ያህላል፤ ትልቁ የሰው ጭንቅላት። ላያቸው ላይ የሚላጥ ቡናማ ቅርፊት አላቸው። የሰፈሩ ልጆች ቲክቶክ ላይ ያየነው የዳይኖሰር እንቁላል ይሄ ነው አሉ። ጎረቤቴ ደግሞ ዳይኖሰሮች በእሳተ ገሞራ ሙቀት ይፈለፍሉ ስለነበር የእኛ አገር ይመቻቸዋል ይላል። አቼቶ ጠብ ስናደርግባቸው አንዱ አረፋ አወጣ። አንድ ደላላ ገዢ አለኝ፣ መጀመሪያ ግን ለምርመራ የሚሆን ብር አምጣ እያለኝ ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ አንዱን ሰብረን ውስጡን እንይ ትላለች። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ የዳይኖሰር እንቁላል አይደሉም። ይህን ለማለት ድንጋዮቹን ማየት አያስፈልግም። የወጡበትን ቦታ ማወቅ ይበቃል።

ዳይኖሰሮች፣ ወፎችን ሳይጨምር፣ ከምድር የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ የተቀመጡበት ድንጋይ ግን በዕድሜ ከዚያ እጅግ ያንሳል። የአካባቢው አንጋፋ እንጦጦ ነው። እሱም ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ቢሆነው ነው። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር ደግሞ የጥቂት ሚሊዮን ዓመት ተራሮች ናቸው። እርስዎ የሚያስቆፍሩት በወጨጫና በፉሪ መካከል፣ ከነሱና ከአካባቢያቸው በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። የመጨረሻው ዳይኖሰር ከጠፋ ከ40 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ የተፈጠረ ድንጋይ ውስጥ ዳይኖሰር እንቁላል ሊጥል አይችልም። ቅርጹ የቱንም ያህል እንቁላል ቢመስል ይህ አይለወጥም።

ታዲያ ምንድን ናቸው? ከገለጻዎ ተነስቼ ስናገር፣ በአፈር ውስጥ የበሰበሰ ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ እምብርት ናቸው። ባዛልት ቀልጦ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቆቹ ድንጋዩን በሣጥን በሣጥን ይከፋፍሉታል። በነዚህ ስንጥቆች ውሃ ይገባል፤ ድንጋዩንም ቀስ በቀስ ወደ አፈር ይለውጠዋል። የሣጥኑን ማዕዘን ውሃ ከሦስት አቅጣጫ ያገኘዋል፣ ጠርዙን ከሁለት፣ ገጹን ከአንድ ብቻ። ስለዚህ ማዕዘኑ ቀድሞ ያልቃል። ሣጥኑ እየዞረ እየዞረ ይሄድና መሀሉ ላይ ያልተነካ ክብ ድንጋይ ይቀራል። ዙሪያው እንደ ሽንኩርት በድርብርብ ይላጣል። ተጠጋግተው የተገኙትም ለዚህ ነው። ሁሉም ጎን ለጎን የነበሩ የአንድ ድንጋይ ቁርጥራጮች ናቸው። በአዲስ አበባ ዙሪያ መንገድ ሲቆረጥ ግድግዳውን ያየ ሰው በቡናማ አፈር ውስጥ እነዚህን ክቦች ተደርድረው ያገኛቸዋል። ገረጋንቲ የሚያወጡ ሰዎችም በደንብ ያውቋቸዋል።

መጠናቸውም ይህንኑ ይናገራል። ትንሹ ብርቱካን፣ ትልቁ የሰው ጭንቅላት ነው ብለውኛል። በአንድ ጎጆ፣ በአንድ ጊዜ የተጣሉ እንቁላሎች እንዲህ አይራራቁም። ጥቂት ሚሊሜትር ወይም አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ፤ አንዱ የሌላውን ሦስትና አራት እጥፍ አይሆንም። ድንጋይ ግን ስንጥቁ እንደቆረጠው ነው።

አቼቶው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ በደንብ ላስረዳ። የእንቁላል ቅርፊት ካልሳይት ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። ካልሳይት አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል። እስከዚህ ድረስ ልክ ነው። ነገር ግን ካልሳይት ያለበት ሁሉ እንቁላል አይደለም። የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ እብነ በረድም፣ ሲሚንቶም ያወጣል። በአካባቢያችሁ ጥቁር አፈር ውስጥ ነጫጭ የኖራ ጓሎች ይፈጠራሉ፤ ድንጋይ ላይም ስስ ነጭ ቅብ ሆነው ይለጠፋሉ። ከ11ዱ አንዱ ብቻ አረፋ ያወጣው ይህ ቅብ ስላለበት ይመስለኛል። በተቃራኒው፣ ቅርፊቱ ሲሊካ በሚባል ሌላ ማዕድን የተተካ እውነተኛ የእንቁላል ቅሪት አሲድ ቢፈስበት ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ የአቼቶው ሙከራ እንቁላል ነውም አይደለምም አይልም። ከዚያ ይልቅ ጉዳት አለው፤ እውነተኛ ቅሪት ላይ ከተደረገ ልንመረምረው የምንፈልገውን ገጽ ይበላዋል። ማንኛውም ቅሪተ አካል የሚመስል ነገር ላይ አሲድ አያፍሱ።

የጎረቤትዎ ነገር ከባዶ የመጣ አይደለም። አርጀንቲና ውስጥ ሳናጋስታ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ግዙፍ አንገተ ረጃጅም ዳይኖሰሮች ፍል ውሃና እንፋሎት በሚወጣበት መሬት ላይ እንቁላል ይጥሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የመሬቱ ሙቀት እንቁላሉን ያሞቅ ነበር። ቅርፊቱ እስከ 8 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል፤ አሲድ ያለው ውሃ እየበላውም ይሳሳ ነበር ተብሎ ይታሰባል። የሳናጋስታ ፍል ውሃ ግን ዳይኖሰሮች በነበሩበት ዘመን የነበረ ነው። የእኛዎቹ እሳተ ገሞራዎች የተነሱት እነሱ ከጠፉ በኋላ ነው። ጎረቤትዎ የሳተው ዘመኑን ነው።

ሌላም ሊነሳ የሚችል ነገር አለ። በህንድ ማድያ ፕራዴሽ፣ ዳር በሚባል አውራጃ፣ የገጠር ሰዎች ክብ ድንጋዮችን እርሻቸውንና ከብታቸውን የሚጠብቁ የቤተሰብ አማልክት ናቸው ብለው ሲያመልኳቸው ኖረዋል። በኋላ ድንጋዮቹ የዳይኖሰር እንቁላል መሆናቸው ታወቀ። ወሬው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ተናፍሷል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በዚሁ አካባቢ 92 ጎጆዎችና 256 እንቁላሎች መገኘታቸውን የሚገልጽ ጥናት ወጥቶ ነበር። ያ አካባቢም ሰፊ ባዛልት ያለበት ነው። ስለዚህ «በህንድ ከተገኘ እኛ ጋ ለምን አይሆንም?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ዕድሜ ነው። የህንዱ ባዛልት የፈሰሰው በዳይኖሰሮቹ የመጨረሻ ዘመን አካባቢ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። እንቁላሎቹም የተገኙት ከባዛልቱ ሥር ባለ የደለል ድንጋይ ውስጥ እንጂ በራሱ በባዛልቱ ውስጥ አይደለም።

አሁን ልጅዎ ወደጠየቀችው ልሂድ። እውነተኛው እንቁላል በምን ይታወቃል? ክብነት ማስረጃ አይሆንም። ወንዝ ድንጋይን ያከብባል፣ ብስባሴ ያከብባል፣ የጋዝ አረፋ ያከብባል። እንቁላልን እንቁላል የሚያሰኘው ቅርፊቱ ነው። ቅርፊት አንድ ወጥ ውፍረት አለው። ውስጡን ከሞላው ድንጋይ በጥርት ያለ መስመር ይለያል። ስብራቱን በማጉያ መነጽር ሲያዩት ከውስጥ ወደ ውጭ የቆሙ ጥቃቅን የካልሳይት ዓምዶች ይታያሉ። በዓምዶቹ መካከል አየር የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሽሉ የሚተነፍሰው በነዚህ ነው። በበሰበሰ ባዛልት ላይ ግን የሚላጠው ነገር ድርብርብ ነው፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል፤ ቀለሙም ከቡናማ ወደ ግራጫ ቀስ እያለ ይገባል እንጂ ቁርጥ ያለ ድንበር የለውም። በበሽታ ወይም በጭንቀት ምክንያት ሁለት ድርብ ቅርፊት ያወጡ የዳይኖሰር እንቁላሎች ተገኝተዋል። ቢሆንም እነሱም ቢሆኑ ዓምዶቹና ቀዳዳዎቹ አሏቸው።

ልጅዎ ቀዳዳዎቹን በዓይኗ እንድታይ ከፈለጉ የሰጎን እንቁላል ያሳዩዋት። በቤተ ክርስቲያን ጉልላት መስቀል ላይ የሚሰካው ማለቴ ነው። ቅርፊቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ላዩ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች በየቦታው ተበትነዋል። የአየር መግቢያዎቹ ናቸው። ሰጎን ወፍ ነው፤ ወፎች ደግሞ ከዳይኖሰሮች የተረፈው ወገን ናቸው። ስለዚህ ይህ ቅርፊት በሙዚየም ካሉት ቅሪቶች ጋር በአንድ ዘር ሐረግ ውስጥ ነው።

ስለ ቀዳዳዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። በቅርፊቱ ላይ ስንት ቀዳዳ እንዳለና ምን ያህል እንደሚሰፉ ሲለካ ጎጆው ምን ዓይነት እንደነበር ይታወቃል። እንደ አዞ እንቁላላቸውን በአፈር ወይም በበሰበሰ ቅጠል የሚቀብሩ እንስሳት ቀዳዳቸው ብዙ ነው። ከመሬት በታች አየር ስለሚያጥርና እርጥበት ስለሚበዛ ነው። ገልጠው የሚታቀፉት ደግሞ ቀዳዳቸው ጥቂት ነው፤ አለዚያ እንቁላሉ ይደርቃል። ጎጆው ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ከአንዲት ጥፍር በምታህል ስባሪ ይህን ያህል ማንበብ ይቻላል።

«የዳይኖሰር እንቁላል ግዙፍ መሆን አለበት» የሚለውም መታረም አለበት። ትልልቆቹ ረጃጅም እንቁላሎች 60 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ትንንሾቹ ግን እጅግ ያነሱ ናቸው፤ ጃፓን ውስጥ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው 4.5 ሴንቲሜትር በ2 ሴንቲሜትር ነው። በአርጀንቲናው አውካ ማሁዌቮ የተገኙት የግዙፎቹ ቲታኖሰሮች እንቁላሎች እንኳ ከ13 እስከ 15 ሴንቲሜትር ብቻ ናቸው። እንቁላል ያለ ልክ ሊያድግ አይችልም። ሲተልቅ ክብደቱን ለመሸከም ቅርፊቱ መወፈር አለበት፤ ሲወፍር ደግሞ ሽሉ ለመተንፈስም ሰብሮ ለመውጣትም ይቸገራል።

እንቁላል ብቻውን የጣለችውን እናት አይናገርም። ይህ የዘርፉ ትልቁ ገደብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1923 የተጀመረ አንድ ስህተት በደንብ ያሳየዋል። በዚያ ዓመት የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ቡድን በሮይ ቻፕማን አንድሩስ መሪነት ሞንጎሊያ ጎቢ በረሃ ውስጥ ረዘም ያሉ እንቁላሎች አገኘ። በአካባቢው በብዛት የሚወጣው ፕሮቶሴራቶፕስ የተባለ ዳይኖሰር አጥንት ስለነበር እንቁላሎቹ የሱ ናቸው ተባለ። በአንዱ ጎጆ ላይ የሌላ ዳይኖሰር አጽም ተገኘ። ሊሰርቅ መጥቶ የሞተ ነው ተብሎ ኦቪራፕተር፣ የእንቁላል ሌባ፣ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ እስካሁን አልተለወጠም።

ነገሩ የተገለጠው ከ70 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 እዚያው ጎቢ ውስጥ ዑካ ቶልጎድ በሚባል ቦታ ተመሳሳይ እንቁላል ተገኘ፤ ውስጡ ሽል ነበረበት። የሽሉ አጥንት የፕሮቶሴራቶፕስ አልነበረም፤ ከኦቪራፕተር ወገን ነበር። በዚያው አካባቢ ሲቲፓቲ የሚባል የዚሁ ወገን ትልቅ ዳይኖሰር እንቁላሎቹ ላይ ተቀምጦ፣ ክንዶቹን በዙሪያቸው ዘርግቶ ተገኘ። ሌባ የተባለው ታቃፊ ሆነ። ታቃፊው እናት ይሁን አባት ግን አጥኚዎች እስካሁን አልተስማሙበትም። የእውነተኛው ፕሮቶሴራቶፕስ እንቁላል ደግሞ ጠንካራ ቅርፊት እንዳልነበረው እ.ኤ.አ. በ2020 ታወቀ። እንደ ብዙዎቹ እባቦችና እንሽላሊቶች ለስላሳ ነበር። ለስላሳ ቅርፊት ቶሎ ይበሰብሳል፤ የብዙ ዳይኖሰሮች እንቁላል ያልተገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ልብ በሉ፤ ስህተቱ የተፈጠረውም የታረመውም በአቀማመጥ ነው። የኦቪራፕተር ወገኖች እንቁላላቸውን በክብ፣ ጥንድ ጥንድ አድርገው ይደረድራሉ። ጥንድ መሆናቸው እናቲቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ትጥል እንደነበር ይናገራል። ዛሬ ወፎች የሚጥሉት አንድ አንድ ነው። ከዚያ ጎጆ አንዱን እንቁላል አንስቶ ቤቱ የወሰደ ሰው እንቁላል አገኘ፤ ጥንዱን፣ ክቡን፣ ጥልቀቱንና ዙሪያው የነበረውን ደለል ግን አጠፋው። እንቁላል ከጎጆው ሲነቀል ሊነግረን ከሚችለው አብዛኛው ይሄዳል። ደላሎች ይህን አይረዱም፤ ቢረዱትም አይጨነቁበትም።

ስለ ግልገሎቹ የምናውቀውም ከቦታ አቀማመጥ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሞንታና፣ አሜሪካ፣ ጃክ ሆርነርና ሮበርት ማከላ ሁለት ሜትር ያህል ስፋት ባለው ጎድጓዳ ጎጆ ውስጥ 15 ግልገሎች አገኙ። እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ገደማ ይረዝሙ ነበር። የተፈለፈሉት በዚያው ቀን አልነበረም፤ ጥርሳቸው በመብላት ብዛት ተበልቷል። ከጎጆ ሳይወጡ ይበሉ ከነበረ የሚያበላቸው ነበር ማለት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነስቶ ገነነ። በኋላ ሌሎች አጥኚዎች አጥንታቸውን አይተው ግልገሎቹ ቶሎ መራመድ ይችሉ ነበር ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ እንክብካቤ ምን ያህል ነበር በሚለው ላይ ነው። እኔ የጥርሱን ማስረጃ ጠንካራ አድርጌ ነው የማየው።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበን የደቡብ አፍሪካው ነው፤ ሊታወቅ የሚገባውን ያህል ባለመታወቁ ያሳዝነኛል። ጎልደን ጌት በሚባለው ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1976 ጄምስ ኪቺንግ የተባለ አጥኚ ሽል ያለባቸው እንቁላሎች አገኘ። ማሶስፖንዲለስ የሚባለው ዳይኖሰር እንቁላሎች ናቸው። ዕድሜያቸው 190 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ሽል ካላቸው የዳይኖሰር እንቁላሎች ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ናቸው። እንቁላሉ ከ6 እስከ 7 ሴንቲሜትር ነው። ቅርፊቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ በዓይን ስስ ጥቁር መስመር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት እዚያው በተለያየ የደለል ንጣፍ ላይ 10 ጎጆዎች መኖራቸውን ገለጸ። አንዱ ጎጆ 34 እንቁላል ነበረው። ንጣፉ መለያየቱ ዳይኖሰሮቹ እየተመላለሱ እዚያው ይጥሉ እንደነበር ያሳያል። ትንንሽ የእግር ዱካዎችም ተገኝተዋል። ግልገሎቹ ከተፈለፈሉበት መጠን ቢያንስ እጥፍ እስኪሆኑ ድረስ ከጎጆው አካባቢ አልራቁም ነበር።

«ውስጡን እንይ» ለሚለው የዛሬ መንገድ መዶሻ አይደለም። የነዚሁ የደቡብ አፍሪካ ሽሎች የራስ ቅል ፈረንሳይ፣ ግረኖብል በሚገኘው ትልቅ የኤክስሬይ ማዕከል ተነስቷል። አንድም አጥንት ሳይነካ የያንዳንዱ ጥርስ ቅርጽ ታየ። ሽሎቹ ከመፈልፈያ ጊዜያቸው 60 በመቶ ያህሉ ላይ እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2020 ተገለጸ። በሌሎች ሽሎች ጥርስ ውስጥ ደግሞ በየቀኑ አንድ አንድ የሚጨመሩ ስስ መስመሮች አሉ። እነሱን በመቁጠር የፕሮቶሴራቶፕስ እንቁላል ለመፈልፈል 83 ቀን ገደማ፣ ሃይፓክሮሳውረስ የተባለው ትልቅ ሣር በል ደግሞ 171 ቀን ገደማ እንደሚፈጅበት ተገምቷል። የዶሮ 21 ቀን ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ አንድ ጎጆ መጠበቅ ማለት ለጎርፍም፣ ለአውሬም፣ ለድርቅም መጋለጥ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዳይኖሰር የለም እያልኩ አይደለም። የዳይኖሰር ዘመን ድንጋይ አለን። ከባዛልቱ ሥር ነው ያለው፤ የሚታየውም ወንዝ በጥልቀት በቆረጠበት ነው። በአባይ ሸለቆ፣ በመቀሌ ዙሪያና በኦጋዴን ይገኛል። ለአዲስ አበባ የሚቀርበው በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው የሙገር ወገን ነው። የሙገር ጭቃ ድንጋይ የሚባለው ንጣፍ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ከዚህ ንጣፍ የሥጋ በልና የሣር በል ዳይኖሰሮች ጥርሶች አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2011 አሳትመዋል። እንቁላል መፈለግ የሚገባው ሰው እንዲህ ዓይነት ደለል ውስጥ ይፈልግ። በአለም ገና ባዛልት ውስጥ ጊዜውን አያባክን።

እርስዎ ካሉበት መንገድ ላይ ግን ሌላ ትልቅ ነገር አለ። ወደ ቡታጅራ ሲወርዱ የሚያገኙት መልካ ቁንጡሬ እ.ኤ.አ. በ2024 ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። እዚያ እስከ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚደርስ የድንጋይ መሣሪያና የሰው ዘር ቅሪት ተገኝቷል። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የተራመዱ የሕፃናት የእግር ዱካም አለ። ስለዚህ በእናንተ አካባቢ ቆፋሪ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ጥቁር መስታወት የመሰለ ስለታም ባልጩት፣ በእጅ የተጠረበ ድንጋይ፣ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት ነው። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ስባሪ ከወጣም ዋጋ አለው፤ የጥንት ሰዎች ዶቃ ይሠሩበት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ለደላላው አንድም ብር አይስጡ። ገዢ ያለው ሰው ከሻጭ የምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሲከፍሉት ስልኩን ይዘጋል። እውነተኛ ቅሪት ቢሆንም ኖሮ መሸጥ አይችሉም ነበር፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሰው በቁፋሮ ያገኘውን ቅርስ ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

ልጅዎን ደስ ያሰኟት። ከእነዚህ 11 ድንጋዮች አንዱን ብትሰብሩ ለሳይንስ የሚጠፋ ነገር የለም። የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ ባዛልት ሲሰበር ስባሪው እንደ ጥይት ይፈናጠራል፤ ሌሎች ልጆች ይራቁ። ውስጡ ጥቁር ግራጫ፣ ወጥና ከባድ ሆኖ ነጫጭ ወይም አረንጓዴ ጥቃቅን ክሪስታሎች ከታዩበት ባዛልት ነው። መሀሉ ባዶ ሆኖ ክሪስታል ከደረደረ የጋዝ አረፋ የነበረ ነው፤ ያም በአካባቢው የተለመደ ነው፣ ለመደርደሪያ ያምራል። አሁንም ልብዎ ካልረጋ አንዱን ከነቅርፊቱ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ጉድጓዱን ሳንቲም ወይም ሜትር አስጠግተው ፎቶ አንስተው፣ አራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ክፍል ይውሰዱት። የጂኦሎጂ ሰው በዓይኑ አይቶ ይነግርዎታል።

ባልጩት ወይም አጥንት ከወጣ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ዶማና ዲጂኖው ይቁም። የወጣውን አይጠቡት፣ አይቀቡት፣ አይጠግኑት። ግድግዳው ላይ የቀረውን አይንቀሉት። ፎቶ አንሱ፣ ጥልቀቱን ለኩ፣ በላስቲክ ሸፍኑት፤ ከዚያ ለአካባቢያችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቁ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቤት እየሠሩ ነውና። እነዚህ ክብ ድንጋዮች የወጡበት መሬት አንዱ ጋ ጠንካራ ድንጋይ፣ አጠገቡ የበሰበሰ ለስላሳ አፈር ነው። የቤቱ መሠረት ግማሹ ድንጋይ ላይ፣ ግማሹ አፈር ላይ ካረፈ አንዱ ወገን ይሰምጥና ግድግዳው ይሰነጠቃል። ከላይ ጥቁር አፈር ካለ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ድንጋይ ነካን ብለው ቆፋሪዎቹ እንዳይቆሙ። መሐንዲሱ ጉድጓዶቹን ሁሉ ወርዶ ሳያይ ኮንክሪት አይሙሉ።